ደንገል ወይስ ፊላ? የጣና ዳር ዕፅዋትን ስለመለየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ዳር ቆሞ የሚታየውን ረጅም አረንጓዴ ሁሉ ብዙ ሰው «ሣር» ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዱ ደግሞ ሁሉንም «ደንገል» ይለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ደንገል የራሱ መልክ አለው። መልኩን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ዓይን፣ ጣትና አንድ ስለት ይበቃሉ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከተማሪዎች፣ ከአስጎብኚዎችና ሐይቁ ዳር መሬት ካላቸው ገበሬዎች ደጋግመው የሚመጡ ናቸው። መልሶቹን የጻፍኳቸው ማንም ሰው ተክሉ አጠገብ ቆሞ ራሱ ሊፈትናቸው እንዲችል አድርጌ ነው።

ደንገል ከየትኛው ወገን ነው?

ሳይንሳዊ ስሙ ሳይፐረስ ፓፒረስ ነው። ስሙን የሰጠው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1753። የሚመደበው ሳይፐሬሲ በሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ በዓለም ላይ ከ5,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። በዓል ሲመጣ የምንጎዘጉዘው ቄጠማም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ ቤተሰቡን «የቄጠማ ወገን» እያልኩ እጠራዋለሁ።

ጤፍ፣ ገብስ፣ ቀርከሃና ሸምበቆ የሣር ቤተሰብ ናቸው። ፊላ ደግሞ ከሁለቱም ወጣ ብሎ የራሱ ቤተሰብ አለው። እንግዲህ አንድ ዳርቻ ላይ ተደባልቀው የምናያቸው ረጃጅም ተክሎች የሦስት ቤተሰብ ልጆች ናቸው ማለት ነው። ይህን ከያዛችሁ ሥራው በግማሽ አለቀ።

ሁሉም ቀጭንና አረንጓዴ ነው። የቄጠማ ወገንን ከሣር በምን እለያለሁ?

ከአገዳው ጀምሩ። አገዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይዛችሁ አሽከርክሩት። የሣር አገዳ ክብ ስለሆነ ዝም ብሎ ይዞራል። የቄጠማ ወገን አገዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጎን ስላለው ጠርዙ ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ቀጥሎ አግድም ቁረጡት። የሣር አገዳ ውስጡ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። የቄጠማ ወገን አገዳ ሙሉ ነው፤ ነጭ ለስላሳ ነገር ሞልቶታል።

ከዚያ አንጓ ፈልጉ። ሸምበቆን ወይም የገብስ አገዳን ከታች ወደ ላይ በጣት ስትዳስሱት በየመሃሉ አበጥ ያለ ቋጠሮ ታገኛላችሁ። ያ አንጓ ነው፤ ቅጠሉም የሚወጣው ከእሱ ነው። የቄጠማ ወገን አገዳ ግን በአብዛኛው ከግርጌው አንስቶ እስከ አበባው ድረስ አንጓ የለበትም። ለጀማሪ ከሁሉም ምልክት የሚበጀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማጉያ አይፈልግም፣ አበባ እስኪያወጣ መጠበቅም አይጠይቅም፣ በጨለማም ቢሆን በጣት ይገኛል።

ቅጠሉም ይናገራል። ተክሉን ከላይ ወደ ታች እዩት። የሣር ቅጠሎች በሁለት አቅጣጫ፣ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። የቄጠማ ወገን ቅጠሎች በሦስት አቅጣጫ ይወጣሉ። ቅጠሉ አገዳውን የሚያቅፍበት ክፍል ሰገባ ይባላል። የሣር ሰገባ በአብዛኛው በአንድ ጎኑ ክፍት ስለሆነ በጥፍር ይገለጣል። የቄጠማ ወገን ሰገባ ግን ዙሪያውን የተዘጋ ቱቦ ነው፤ ካልቀደዳችሁት አይከፈትም።

አበባ ካለው ደግሞ ማጉያ መነጽር አውጡ። በቄጠማ ወገን እያንዳንዷ አበባ የምትቀመጠው በአንዲት ቅርፊት ሥር ነው። የሣር አበባ ግን በሁለት ቅርፊቶች መሃል ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። «ሦስት ጎን ካለው የቄጠማ ወገን ነው፤ ክብ ከሆነ አይደለም» የሚለው አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። በዚሁ ወገን ውስጥ አገዳቸው ክብ የሆነ ዝርያዎችም አሉ። ለምሳሌ ስኮኖፕሌክተስና ኤሊዮካሪስ በሚባሉት ንዑስ ወገኖች ውስጥ ክብ አገዳ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ በአንድ ምልክት አትፍረዱ። ሁለት ሦስት ምልክት አንድ ላይ ሲገጥም ነው መናገር።

ደንገልን ከሩቅ፣ ለምሳሌ ከጀልባ ላይ ሆኜ መለየት እችላለሁ?

አዎ፤ ያውም በቀላሉ። ራሱን እዩት። ከረጅም፣ ቅጠል አልባ አገዳ ጫፍ ላይ በየአቅጣጫው የሚንጠለጠሉ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ታያላችሁ። ሽማግሌዎች በእጃቸው የሚይዙት ጭራ ተገልብጦ የቆመ ይመስላል። በጣና ዳር ካሉት ረጃጅም ተክሎች ውስጥ እንዲህ ያለ ራስ ያለው ደንገል ነው።

ቁመቱ በተመቸው ቦታ አራት አምስት ሜትር ይደርሳል። ቁመትን ግን እንደ ዋና መለያ አትውሰዱ። ከብት የበላው፣ በቅርብ የታጨደ ወይም ውሃ የሸሸው ደንገል አጭር ሆኖ ይቀራል። ሸምበቆም ፊላም ቢሆኑ ሰው የሚውጥ ቁመት አላቸው።

ቀርቤ ሳየውስ ምን ምን ልፈትሽ?

እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ደንገል ከላይ እስከ ታች የሚታይ ነገር አለው።

ከግርጌው እንጀምር። አገዳው ከጭቃው በሚወጣበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አታገኙም። በምትኩ ቡናማ ወይም ጠቆር ያሉ፣ እንደ ቅርፊት የደረቁ ሰገባዎች አገዳውን ከበውታል። እነዚህ ቅጠል መሆን ሲገባቸው ሰገባ ብቻ ሆነው የቀሩ ናቸው። አረንጓዴ ሆኖ ምግብ የማዘጋጀቱን ሥራ የሚሠራው አገዳው ራሱና ከላይ ያለው ራስ ነው። ብዙ ሰው ይህን የግርጌ ክፍል አያየውም፤ ፎቶ ሲያነሳም ይተወዋል። እኔ ግን ከራሱ ቀጥሎ የምፈልገው ምልክት እሱ ነው፤ ምክንያቱም ራሱ ገና ያልተከፈተ ለጋ ደንገል ሲያጋጥማችሁ የሚያድናችሁ ይኸው ነው።

ከሥሩ፣ በጭቃው ውስጥ፣ ወፍራም የምድር ውስጥ ግንድ አለ። ሪዞም ይባላል። ወደ ጎን እየተጋደመ ይሄዳል፤ ከላዩ ላይ አገዳዎች ተራ በተራ ይበቅላሉ። የአንዱ ሪዞም ከሌላው ጋር እየተሳሰረ ጠንካራ ምንጣፍ ይሠራል። ውሃው ሲጨምር ይህ ምንጣፍ አንዳንዴ ከነተክሉ ተነሥቶ ይንሳፈፋል። ከዳር ሆናችሁ መሬት የመሰላችሁን ነገር ብትረግጡት ሊሰምጥ ይችላል፤ ተጠንቀቁ።

አሁን አገዳው። ባለ ሦስት ጎን ነው፤ ጠርዞቹ ግን ሹል አይደሉም፤ ዶልዶም ያሉ ናቸው። ከታች ሲሆን ወደ ክብነት ይጠጋል፣ ወደ ላይ ሲሄድ ሦስት ጎንነቱ ይጎላል። ስለዚህ ግርጌውን ብቻ ዳስሶ «ክብ ነው» ብሎ መደምደም ያሳስታል፤ ከራሱ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ፈትሹት። ስትቆርጡት ነጩ ውስጡ ይታያል። ጨምቁት፤ አየር የሞላው መሆኑ ወዲያው ይገባችኋል።

ከአገዳው ጫፍ፣ ክሮቹ ከሚነሡበት ሥር፣ ጥቂት ቡናማ ቅጠል መሰል ነገሮች አሉ። ሰፋ ብለው ጫፋቸው የሾለ ነው። ልብ የሚባለው ነገር አጭር መሆናቸው ነው፤ ከክሮቹ ያንሳሉ። በሌሎች ብዙ የሳይፐረስ ዝርያዎች ግን በዚሁ ቦታ ላይ የሚወጡት ረጃጅም አረንጓዴ ቅጠሎች ናቸው፤ ከአበባው አልፈው ይዘረጋሉ። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ደንገል መሰል ተክል አይታችሁ ከራሱ ሥር ረጃጅም አረንጓዴ ቅጠሎች ተዘርግተው ካገኛችሁ ደንገል አይደለም።

ክሮቹን ቁጠሩ ብላችሁ አላስቸግርም፤ በደህና ራስ ላይ ብዙ ጊዜ ከመቶ ያልፋሉ። አንዱን ነቅላችሁ ሥሩን እዩት። ቡናማ ቀጭን ቱቦ ክሩን ከግርጌው አቅፎታል። ጫፉን ደግሞ እዩት። ክሩ እዚያ ላይ እንደገና ይከፈልና ጥቂት ቀጫጭን አረንጓዴ ክሮችን ያወጣል። በመካከላቸው ትናንሽ ቡናማ ዛላዎች አሉ። አበባው ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

አንዷን ትንሽ ዛላ ማጉያ ሥር አድርጓት። ርዝመቷ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ቅርፊቶቿ በሁለት ረድፍ፣ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ይህ የሳይፐረስ ንዑስ ወገን ዋና መለያ ነው። በሌሎች ብዙ የቄጠማ ወገን ተክሎች ቅርፊቶቹ ዛላዋን እየዞሩ ይደረደራሉ። በእያንዳንዷ ቅርፊት ሥር የሴቴው ክፍል ጫፍ በሦስት ይከፈላል። ፍሬዋ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ እሷም ሦስት ጎን አላት። በዚህ ቤተሰብ የሴቴው ጫፍ ሦስት ከሆነ ፍሬው በአብዛኛው ባለ ሦስት ጎን፣ ሁለት ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ አንዱ ሲጠፋ በሌላው ማረጋገጥ ይቻላል።

ለጋው ደንገል ክር የለውም። ታዲያ እንዴት አውቀዋለሁ?

ለጋው ቡቃያ ራሱን ሸፍኖ ነው የሚወጣው። ቡናማዎቹ ሽፋኖች ክሮቹን አጥብቀው ይይዟቸዋል፤ ጫፉ እንደ ጦር ሹል ይሆናል። ትንሽ ሲቆይ ክሮቹ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ ነው እየተበተኑ የሚንጠለጠሉት። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ሹል ጫፍ ያለው፣ ቀጥ ያለ ክር ያለውና ክሩ የተንጠለጠለ ሦስት ዓይነት ተክል ብታዩ ሦስት ዝርያ አይደሉም። የአንዱ ተክል ዕድሜ ነው። ግርጌውን እዩ፤ ቡናማው ሰገባ በሁሉም ላይ አለ።

ፊላን ከደንገል ጋር የሚያምታቱት ለምንድን ነው?

ቦታው አንድ ስለሆነ ነው። ሁለቱም ጥልቀት የሌለው ውሃና ጭቃ ይወዳሉ፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በመልክ ግን አይገናኙም። ፊላ ሳይንሳዊ ስሙ ታይፋ ነው። ቅጠሉ ረጅም፣ ጠፍጣፋና ቀበቶ መሰል ነው፤ ከግርጌው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አበባው ደግሞ በአገዳው ጫፍ ላይ ያለ ቡናማ፣ ወፍራምና ሲነኩት ለስላሳ የሆነ ዱላ መሰል ነገር ነው። ሲደርስ ይፈርስና ነጭ ጥጥ መሰል ዘሩን ነፋስ ይወስደዋል።

አበባ ከሌለስ? ግርጌውን ቁረጡ። ፊላ ከሆነ ቅጠሎቹ አንዱ አንዱን አቅፈው በሁለት ረድፍ ተደርድረው ታያላችሁ። ደንገል ከሆነ አንድ ሙሉ አገዳ ነው።

ሸምበቆስ?

አንጓ አለው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ቅጠሉ ከላይ እስከ ታች በአገዳው ላይ ተሰድሯል። ሣር ነው። ጫፉ ላይ ያለው ላባ መሰል አበባ ከሩቅ ሊያሳስት ይችላል፤ አንድ ጊዜ አገዳውን ብትዳስሱ ግን ጥርጣሬው ያበቃል።

ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ለጋ ደንገል ነው የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። ቄጠማ ለስላሳ ረጃጅም አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ የምንጎዘጉዘውም ለዚያ ቅጠሉ ብለን ነው። ደንገል ደግሞ ቅጠል የለውም፤ አገዳና ክር ብቻ ነው።

ቄጠማ የአንድ ዝርያ ስምም አይደለም። በበዓል ዋዜማ ገበያ ላይ የሚሸጠውን አንድ እስር ፈትታችሁ ብታዩት ከአንድ በላይ ዝርያ ልታገኙበት ትችላላችሁ፤ ተራ ሣርም ተቀላቅሎ ሊመጣ ይችላል። ቀዳም ስዑር ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚታደለውን ቀጤማ ራሳችሁ ላይ ከማሰራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቅጠሉን አግድም ቆርጣችሁ እዩት። መሃሉ ጎድጎድ ብሎ እንደ «ቪ» ፊደል የታጠፈ ከሆነ የቄጠማ ወገን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጠርዙንም ከጫፍ ወደ ሥር ቀስ ብላችሁ ዳስሱት። ብዙዎቹ ጥርስ መሰል ሻካራ ጠርዝ አላቸው፤ ጎትተው ሲነቅሏቸው እጅ ይቆርጣሉ።

የትኛው ዝርያ እንደሆነ ለመለየት ግን ቅጠል ብቻውን አይበቃም፤ ዛላ የያዘ ራስ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ የሚመጣው ቄጠማ ብዙ ጊዜ ራሱ ያልወጣ ለጋ ነው፤ ወይም ራሱ ተቆርጦ ቀርቷል። ለዚህ ነው ለተማሪዎች ሁልጊዜ «ከገበያ ሳይሆን ከረግረጉ ጀምሩ» የምለው።

ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ የሚነቅሉት እንግጫስ ከዚሁ ወገን ነው?

ነው። በጎጃም ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚነቀለው እንግጫ ከቄጠማ ወገን ከሆኑት ትናንሾቹ አንዱ ነው። አገዳውን አሽከርክራችሁ ፈትኑት፤ ሦስት ጎኑ ይሰማል።

ከትናንሾቹ የሳይፐረስ ዝርያዎች ገበሬውን የሚያማርሩ ሁለት አረሞች አሉ። መለየታቸው ስለሚጠቅም ልጥቀሳቸው። አንዱ ሳይፐረስ ሮተንደስ ነው። ዛላው ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል፤ በምድር ውስጥ ያሉት እንክብሎቹ በክር ተያይዘው ተከታትለው ይገኛሉ፤ ጣዕማቸው መራራ ነው። ሌላው ሳይፐረስ ኤስኩለንተስ ነው። ዛላው ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ እንክብሎቹ በየክሩ ጫፍ ለየብቻ ናቸው፤ ጣፋጭና የሚበሉም ናቸው። ሁለቱም በመጎተት ብቻ አይጠፉም፤ እንክብሉ ምድር ውስጥ ከቀረ ተመልሶ ይበቅላል። ቆፍራችሁ ሥሩን ካላያችሁ የትኛው እንደሆነ መናገር ይከብዳል።

ታንኳ ከደንገል የሚሠራው ለምንድን ነው? ከፊላ ወይም ከሸምበቆ አይሆንም?

ምክንያቱ ያ ነጩ ውስጡ ነው። ደንገል ግርጌውና ሪዞሙ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ አየር ከላይ ወደ ታች የሚያደርስለት ክፍተት የበዛበት ውስጥ አለው። ይህ ክፍተት ተክሉ ከደረቀ በኋላም ይቀራል። አገዳው ቀላል ይሆናል፤ ሲታሰር ደግሞ አይሰባበርም። ሸምበቆ ጠንካራ ነው፤ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ እንደ ደንገል አይታጠፍም።

በጣና ላይ የታንኳ ሥራ ጥበብን ይዘው የቆዩት በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ደንገሉን አጭደው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ከዚያ እስር በእስር አድርገው ያጠብቁታል። ታንኳው ውሃ ላይ ሲቆይ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። የትኛው አገዳ እንደጠና፣ የትኛው ገና ውሃ እንደሆነ እነሱ በዓይን ይለያሉ። ስለ ደንገል መማር ለሚፈልግ ሰው ከእነሱ ጋር ማውራትን የሚያህል ትምህርት የለም፤ በአክብሮት ጠይቋቸው፣ ጊዜያቸውንም አክብሩ።

የጣና ገዳማት ጥንታዊ መጻሕፍት የተጻፉት በደንገል ላይ ነው?

አይደለም፤ በብራና ላይ ነው። ብራና ከፍየል፣ ከበግ ወይም ከሌላ እንስሳ ቆዳ ይዘጋጃል። ከዚሁ ተክል የመጻፊያ ወረቀት ያዘጋጁት የጥንት ግብፃውያን ናቸው፤ ነጩን ውስጡን ስስ አድርገው እየሰነጠቁ፣ በሁለት ንብርብር አግድምና ቁልቁል ደርድረው በመጫን። ጥያቄው ደጋግሞ ከቱሪስቶች ስለሚመጣ አስጎብኚዎች ልዩነቱን ቢይዙት ደስ ይለኛል።

ደንገል የጣና ብቻ ነው?

አይደለም። በአፍሪካ ሰፊ ቦታ ይበቅላል። በደቡብ ሱዳን የሱድ ረግረግ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርና በኬንያ የናይቫሻ ሐይቅ ይገኛል።

እምቦጭን ስንነቅል ደንገልን እየጎዳን ይሆን?

ካልለየን አዎ። እምቦጭ በጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቅጠሉ ክብና የሚያብለጨልጭ፣ የቅጠሉ እግር ያበጠ፣ አበባው ሐምራዊ ነው፤ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ከደንገል ጋር በመልክ የሚያገናኘው ነገር የለም። ችግሩ ነፋስ እየገፋ ወደ ዳር ያመጣውና በደንገሉ መሃል ይሰገሰጋል። በዚያን ጊዜ በማጭድ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያጭድ ሰው ይኖራል፤ እግሩም ለጋውን ቡቃያ ይረግጣል። በዘመቻ ለሚወጡ ወጣቶች ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሹሉን የደንገል ቡቃያ በእጅ አስይዞ ማሳየት ብዙ ተክል ያድናል።

ደንገሉ ቀነሰ የሚባለው ከምን የተነሣ ነው?

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ይታጨዳል፣ ከብት ይበላዋል፣ ዳርቻው ይታረሳል። የሐይቁ መጠንም አለ። የጣና ውሃ ወደ ዓባይ በሚወጣበት በጨረጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቁ ውሃ እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ ሰፊ የደንገል ቦታ በደረቅ ቀረ፤ የወጣውም መሬት ታረሰ። ደንገል ሥሩ ውሃ ካላገኘ ለረጅም ጊዜ አይቆይም።

ጣናና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ቀበሌ ውስጥ ምን ያህል ደንገል እንደቀረ ለመናገር በመጀመሪያ ደንገሉን ከፊላው ለይቶ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ከሩቅ የተነሣ ፎቶ ላይ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ይህን ሁሉ ዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ለማየት የሚመቸው መቼ ነው?

ደንገልን በራሱ መልክ ብቻ ለመለየት ዓመቱን ሙሉ ይቻላል። ለሌሎቹ የቄጠማ ወገኖች ግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ፤ ብዙዎቹ ክረምቱን አድገው ዛላና ፍሬ ይይዛሉ። ሐይቁ መስከረምና ጥቅምት ገደማ ስለሚሞላ ደግሞ ወደ ግርጌው መድረስ ይከብዳል። ግርጌውንና ሪዞሙን በደንብ ማየት የፈለገ ሰው ውሃው በሚሸሽበት በግንቦት ይሂድ።

ምን ይዤ ልሂድ? ከምንስ ልጠንቀቅ?

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ፣ ማስመሪያ፣ ምላጭ ወይም ትንሽ ቢላ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ እርሳስና ማስታወሻ ይበቃል። እርሳስ ያልኩት የእስክሪብቶ ቀለም ሲረጥብ ስለሚፈስ ነው።

ስለ ጥንቃቄ በቁም ነገር ልናገር። በባዶ እግር ውሃው ውስጥ አትግቡ። በጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ተሸካሚዎቹ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ የሚኖሩት እንዲህ ባለ ዕፅዋት በበዛበት የረጋ ውሃ ውስጥ ነው። ረጅም ቦቲ ጫማ አድርጉ፤ ውሃው ከነካችሁና ቆይቶ ካመማችሁ ለሐኪም ንገሩ። ጉማሬም አለ፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ። ማለዳና አመሻሽ ላይ ደንገል ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ። የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

በፎቶ ብቻ መለየት ይቻላል?

ፎቶው ትክክለኛውን ክፍል ካሳየ ይቻላል። አብዛኛው ሰው የሚያነሳው አንድ ፎቶ ነው፤ ሙሉው ተክል ከሰማዩ ጋር። ያ ፎቶ ለግድግዳ ያምራል፣ ለመለየት ግን አይበቃም። ሙሉውን ካነሳችሁ በኋላ ግርጌውን ከነሰገባው አንሡ። አገዳውን ቆርጣችሁ የተቆረጠውን ፊት አንሡ። ራሱን ከጎን፣ ከዚያ ከክሮቹ ሥር ያሉትን ቅጠል መሰል ነገሮች አቅርባችሁ አንሡ። በመጨረሻ አንዷን ትንሽ ዛላ ማስመሪያ ላይ አስቀምጣችሁ አንሡ።

ዝርያውን ማን ያረጋግጥልኛል? ናሙናስ እንዴት ላዘጋጅ?

ባሕር ዳር ላላችሁ ቅርቡ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል ነው። ለአስቸጋሪ ዝርያ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፤ ከመላው አገሪቱ የተሰበሰቡ የደረቁ ናሙናዎች እዚያ ተቀምጠዋል፤ የእናንተን ከእነሱ ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ናሙና ስትወስዱ የመሬቱን ባለቤት ወይም የቀበሌውን ሰው አስፈቅዱ፤ ከአንድ ተክል በላይም አትንቀሉ። ትናንሾቹን ከነሥራቸው ነቅላችሁ ጭቃውን እጠቡት፤ ጋዜጣ መሃል አስገብታችሁ ከበድ ያለ ነገር ጫኑበት፤ እስኪደርቅ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩት። ካልቀየራችሁት ይሻግታል። ደንገል ሙሉውን ስለማይገባ ራሱን፣ ከአገዳው አንድ ቁራጭና ግርጌውን ለየብቻ አድርቁ፤ በሦስቱም ላይ አንድ ቁጥር ጻፉ። ወፍራሙን አገዳ ቁልቁል ሰንጥቁት፤ አለዚያ ውስጡ አይደርቅም። ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ የቦታውን ስም፣ የውሃውን ጥልቀት፣ የተክሉን ሙሉ ቁመትና ትኩስ ሳለ የነበረውን ቀለም ጻፉ። ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፋል፤ ቁመቱም ከተቆረጠ በኋላ አይታወቅም። የአካባቢው ሰው ተክሉን የሚጠራበትን ስምም እንደሰማችሁት ጨምሩበት።